«እገዳ» ውስጥ የገባው ቅንጣት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የቤተ ሙከራ መመሪያዎችን ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። «በፈሳሽ እገዳ ውስጥ የናኖ ቅንጣቶችን ትኩረት መለካት» የሚል ርእስ ጽፌ ለኬሚስት ወንድሜ ባሳየው፣ ምንም አልገባኝም አለኝ። ስሕተቴ የት ላይ ነው? ከቆጠራው በፊት ውሃ መጨመርንስ «መበረዝ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድምዎ ቢቸገር አይገርመኝም። ቃላቱ አማርኛ ናቸው፤ ርእሱ ግን አማርኛ አይደለም። የእንግሊዝኛዎቹን «ሰስፔንሽን» (suspension) እና «ኮንሰንትሬሽን» (concentration) ቃል በቃል የተረጎሙ ይመስላል፤ እገዳ ግን ቀይ ካርድ ላየ ተጫዋች ነው፤ ትኩረትም የተማሪ እንጂ የቅንጣት አይደለም።

ስኳር ሻይ ውስጥ ይሟሟል። በሶ ግን ይበጠበጣል እንጂ አይሟሟም፤ ብርጭቆውን አስቀምጠው ቢቆዩ ከታች ይዘቅጣል። ናኖ ቅንጣትም እንደ በሶው አይሟሟም፤ ነገር ግን ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር (አንዱ ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ብቻ ስለሆነ የውሃው ሞለኪውሎች እያላጉት ቶሎ አይዘቅጥም። «ብጥብጥ» እንዳንለው ቃሉን ዜናው ወስዶብናል። «ድፍርስ»ም አይሆንም፤ 20 ናኖ ሜትር ስፋት ያላቸው የወርቅ ቅንጣቶች የተበተኑበት ውሃ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀይ ነው፣ ያም ሆኖ ጥርት ያለ ነው። ዝናብ ያዘለ ደመና እንደምንለው ሁሉ «ናኖ ቅንጣት ያዘለ ፈሳሽ» ቢሉት ማንም ይረዳዋል።

«ትኩረት»ን ሲሰርዙ «ክምችት» ሳይመጣብዎት አይቀርም፤ ብዙዎች የሚጽፉት እሱን ነው። እኔ እዚህ ቦታ አልወደውም። «የወርቅ ቅንጣት ክምችት» ሲባል የማዕድን ጉድጓድ ይታየኛል። ከዚያም የባሰ ችግር አለበት፦ ቅንጣቶቹ አንዳንድ ጊዜ እርስ በርስ ተጣብቀው ይጓጎላሉ፣ ቀዩ የወርቅ ፈሳሽም ያን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። አንባቢ ክምችት ሲባል ይህንን መጓጎል ቢመስለው አይፈረድበትም።

አማርኛ እህል ይሰፍራል፣ ሥጋ ይመዝናል፣ በግ ይቆጥራል። ስለዚህ ቃል ከመምረጥዎ በፊት መመሪያው ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁ። በሌዘር ብርሃን የደመቁትን ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ላይ በተገጠመ ካሜራ አንድ በአንድ የሚከታተል ከሆነ ይቆጥራል፤ ስለዚህ «በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው የቅንጣት ብዛት» ይበሉ። ውጤቱ በሚሊ ግራም በሊትር ከተነገረ ግን ስለ ክብደት ነው፤ «በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የቅንጣት መጠን» ይሻላል። ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደቀረ የሚያነበው መሣሪያ ደግሞ አይቆጥርም፣ አይመዝንም፤ ከብርሃኑ ተነሥቶ ያሰላል።

ይህ የሰዋስው ቅንጦት እንዳይመስልዎት። 100 ናኖ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ሉል ቅንጣት፣ ከዚያው ቁስ የተሠሩ ባለ 10 ናኖ ሜትር 1,000 ቅንጣቶችን ያህል ይመዝናል። ሁለት ጠርሙሶች በሚዛን እኩል ሆነው በቁጥር የሺህ እጥፍ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ «ክምችት» ከጠሩ አንባቢዎ የትኛውን ይያዝ?

«ቅንጣት»ን ግን አይንኩት። ቅንጣት ጤፍ፣ ቅንጣት ታህል እውነት እንላለን፤ ከመነሻውም የሚቆጠር ነገር ስም ነው።

ወደ «መበረዝ» ስመጣ፣ ቃሉ ማርን በውሃ ለሚበርዝ ሰው የሚያምር ነው። ዛሬ ግን «የተበረዘ» ሲባል ባዕድ ነገር ተጨምሮበት የተበላሸ ማለት ሆኗል፤ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊያስደነግጥ ይችላል። ወጥ እንደሚቀጥን ፈሳሹንም «ማቅጠን» ይበቃል። የሚቀጥነውም ቅንጣቶቹ ሲበዙ ነጸብራቃቸው እየተደራረበ ካሜራው መለየት ስለሚያቅተው ነው። 1,000 እጥፍ ከቀጠነ ቆጠራው መልሶ በ1,000 ይባዛል፤ ይህ መስመር በረቂቅዎ ውስጥ ካልገባ ያስገቡት።