ዘፈንሽን በአክስትሽ ልጅ ስም አታስመዝግቢ

ይድረስ ለኮምቦልቻዋ ጠያቂ፤

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የ27 ዓመት ወጣት መሆንሽን፣ በሒሳብ አያያዝ ተመርቀሽ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ የደመወዝ ክፍል እንደምትሠሪ፣ ማታ ማታ ደግሞ ግጥምና ዜማ እንደምትደርሺ ጽፈሽልኛል። ከ14 ሥራዎችሽ ሦስቱን አንዲት የደሴ ድምፃዊት ተጫውታቸዋለች፤ ከእነርሱም አንዱ ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና መድረኮች እንደሚዘፈን እዚያ የሚኖረው የአክስትሽ ልጅ ነግሮሻል። እርሱም ‹‹እዚህ አስካፕና ቢኤምአይ የሚባሉ ለደራሲ ገንዘብ የሚሰበስቡ ድርጅቶች አሉ፤ አንቺ እዚያ ሆነሽ ስለማይመችሽ በእኔ ስም ላስመዝግበውና የሚገኘውን እልክልሻለሁ›› ብሎሻል። እናትሽ ደግሞ ‹‹ወንድምሽ ማለት ነው፤ አባትሽ ሲታመሙ ያሳከመ እርሱ ነው፤ አታስቀይሚው›› ብለውሻል። የጠየቅሽኝ ከሁለቱ ድርጅቶች የትኛው እንደሚሻል ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። አስቀድሜ ግን በእርሱ ስም የሚለውን ሐሳብ በፍጹም እንዳትቀበዪ ልነግርሽ ይገባል።

እንዲህ ያሉ ድርጅቶች የሚያስተዳድሩት፣ ሥራው በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በሆቴል፣ በመድረክ ወይም በኢንተርኔት ለሕዝብ ሲቀርብ ለግጥምና ዜማ ደራሲው የሚገባውን ክፍያ ነው። ገንዘቡን የሚያከፋፍሉት በመዝገባቸው ላይ ደራሲ ተብሎ ለተጻፈው ሰው ነው እንጂ ድርሰቱን በእርግጥ ማን እንደ ደረሰው አይመረምሩም። የተመዘገበው ደራሲ አይፒአይ የተባለ ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዘፈኑም አይኤስደብሊውሲ የተባለ የራሱን ቁጥር ያገኛል፤ የሌሎች አገሮች ማኅበራትም ሥራውንና ባለቤቱን የሚለዩት በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ስለዚህ የአክስትሽ ልጅ ‹‹በእኔ ስም›› ሲል የሚያደርገው ነገር የውክልና ሥራ አይደለም። ‹‹ይህን ዘፈን የደረስኩት እኔ ነኝ›› ብሎ እውነት ያልሆነ ቃል ይፈርማል ማለት ነው። በቅን ልቡ እንዳሰበው አልጠራጠርም፤ ነገር ግን መዝገቡ የሚይዘው ፊርማውን ነው።

በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ አንድ ሥራ ወጥ የሆነ ድርሰት ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ከተገኘበት ጊዜ ጀምሮ ያለ ምንም ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል። ዛሬ የ14ቱም ዘፈኖች ባለቤት አንቺ ነሽ ማለት ነው። በሥራሽ ላይ ስምሽ እንዲጠራ የማድረግ መብትም አለሽ። የገንዘብ ጥቅሙ ደግሞ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። እነዚያ 50 ዓመታት በማን ዕድሜ እንደሚሰሉ፣ ወራሾቹስ የማን ልጆች እንደሚሆኑ አስቢ። ስምሽ በሌለበት መዝገብ ላይ ልጆችሽ የሚጠይቁት ነገር አይኖርም።

ይህን ጉዳይ እንዲህ አጥብቄ የምናገረው ስለደረሰብኝ ነው። በ1977 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት ሳለሁ ደሴ ውስጥ ለኪነት ቡድን ግጥም እጽፍ ነበር። አንድ ድምፀ መልካም የሥጋ ዘመዴ ካሴት ለማሳተም ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አራት ግጥሞቼን ሰጠሁት፤ ካሴቱ ሲወጣ ‹‹ግጥምና ዜማ›› ከሚለው ቃል ጎን የታተመው የእርሱ ስም ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ስጠይቀው ‹‹እኔና አንተ ምን ልዩነት አለን?›› አለኝ፤ እናቴም ለእኅቷ ልጅ ብላ ዝም በል አለችኝ፤ ዝም አልኩ። ዘመዴ ካረፈ ከዓመታት በኋላ አንድ ወጣት ድምፃዊ ከእነዚያ ግጥሞች አንዱን እንደገና ሲጫወተው ፈቃድ የሰጡትም የተከፈላቸውም የዘመዴ ልጆች ነበሩ። ደውዬ ስነግራቸው በአክብሮት ማስረጃ ጠየቁኝ። የነበረኝ አንድ የተቀዳደደ ደብተር ነው። ልጆቹ አልዋሹም፤ አባታቸው የነገራቸውንና በካሴቱ ላይ የተጻፈውን ያውቃሉ። እኔ ከዚያ ካሴት በኋላ ለማንም ግጥም አልሰጠሁም፤ መምህር ሆኜ ተቀጠርኩ፣ 31 ዓመትም በማስተማርና ተማሪዎችን በማማከር ኖርኩ፣ በደመወዜም ቤቴን አቆምኩ። እነዚያን አራት ግጥሞች ግን ዛሬም በሬዲዮ ስሰማ ድምፁን እቀንሳለሁ።

አሁን ወደ እናትሽ ንግግር ልመለስ፤ ሳይሸሽጉ መነጋገር ይሻላልና። አባትሽን ማሳከሙ ታላቅ ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ ይከፈላል። ነገር ግን የገንዘብ ውለታ የሚከፈለው በገንዘብ ነው። ስምሽን አሳልፈሽ ብትሰጪው ዕዳው በየትኛው ቀን እንዳለቀ ሊነገር ስለማይችል ስትከፍዪ ትኖሪያለሽ፤ ነገ በመካከላችሁ ቅያሜ ቢመጣም መለያ የሚሆናችሁ ወረቀት አይኖርም። ከዘፈኑ ገቢ ቢገኝ ይህን ያህሉን ለዚህ ያህል ጊዜ እሰጥሃለሁ ብለሽ ልትጽፊለት ትችያለሽ፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። እናትሽ ‹‹ወንድምሽ›› ማለታቸው እውነት ከሆነ፣ ወንድም እኅቱን ቅጹን በስሟ እንድትሞላ ይረዳታል።

የትኛው ድርጅት እንደሚሻል ለማወቅ መጀመሪያ ዘፈኖችሽ የት እንደሚሰሙ ቁጠሪ። ሁለቱ ሥራዎችሽ የሚሰሙት እዚሁ በደሴና በኮምቦልቻ ሆቴሎች፣ በሬዲዮ ጣቢያዎችና በመድረክ ነው። የቅጂ መብት አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 የጋራ አስተዳደር ማኅበራት፣ ማለትም ደራሲዎችን ወክለው የሚሰበስቡ ማኅበራት፣ ከተጠቃሚዎች ሮያሊቲ (በሥራው ለመጠቀም የሚከፈል ክፍያ) የሚሰበስቡበትን መሠረት ጥሏል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ በርሽ አዲስ አበባ ያለው የሙዚቃው ዘርፍ ማኅበር ነው። ብዙ ደራሲዎች የአገር ውስጡን ‹‹ገና ነው›› ብለው ይተዉታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በፓሪስ በ1847 እ.ኤ.አ. አንድ የዘፈን ደራሲ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ የራሱ ሥራ ሲቀርብ ቢሰማ፣ ለሥራዬ ካልከፈላችሁኝ እኔም የጠጣሁበትን አልከፍልም ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈረደለት፤ ሳሴም የተባለው የፈረንሳይ ማኅበርም በ1851 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ተነሥቶ ተመሠረተ። የፒያሳ ሆቴል ሙዚቃሽን ከፍቶ ደንበኛ ሲያስተናግድ ጉዳዩ ያው ነው፤ ደራሲው ያልተመዘገበበትን ዘፈን ግን ማንም ሰብሳቢ ሊጠይቅበት አይችልም።

ማኅበሩ ዘንድ ስትደርሺ የምትጠይቂው ዋና ጥያቄ ከአሜሪካ ድርጅቶች ጋር የእርስ በርስ ውክልና ስምምነት ያለው መሆኑን ነው። ስምምነት ካለው፣ እዚያ የሚሰበሰበው ገንዘብ በዚህኛው ማኅበር በኩል ሊደርስሽ ይችላል፤ ሌላ ቦታ መፈረምም ላያስፈልግሽ ይችላል። ከሌለው ደግሞ ለአገር ውስጡ ማኅበር በምትሰጪው ውክልና ላይ አሜሪካን የማይጨምር መሆኑ እንዲጻፍ አድርገሽ፣ ለዚያ አገር ብቻ ከሁለቱ ከአንዱ ጋር መፈረም ትችያለሽ። ይህን የምልሽ ያንኑ የክዋኔ መብት (ሥራው ለሕዝብ ሲቀርብ የሚያስከፍለውን መብት) በአንድ አገር ለሁለት ማኅበር መስጠት ስለማይቻል ነው፤ ስለዚህ የምትፈርሚው ውል ‹‹በመላው ዓለም›› የሚል ከሆነ ብዕርሽን አስቀምጠሽ እንደገና አንብቢው።

አስካፕ በ1914፣ ቢኤምአይ ደግሞ በ1939 እ.ኤ.አ. የተቋቋሙ ነባር ድርጅቶች ናቸው፤ ለአንቺ ልዩነታቸው ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ሁለቱም ክፍያውን የደራሲና የአሳታሚ (የድርሰቱን መብት ለደራሲው የሚያስተዳድር አካል) ብለው እኩል ለሁለት ይከፍሉታል። አሳታሚ የሌለው ደራሲ በቢኤምአይ በኩል ሙሉውን በራሱ ስም ሊቀበል ሲችል፣ በአስካፕ ግን የአሳታሚውን ድርሻ ለማግኘት አሳታሚ ሆኖ ለብቻ መመዝገብ ያስፈልገዋል። አንቺ ብቻሽን የምትሠሪ በመሆንሽ፣ አሜሪካ መመዝገብ የግድ ከሆነ፣ እኔ ወደ ቢኤምአይ አደላለሁ። በአሜሪካ ሕግ መደበኛው የሬዲዮ ጣቢያ ለድምፃዊ ሳይሆን ለግጥምና ዜማ ደራሲ እንደሚከፍልም እወቂ፤ የአክስትሽ ልጅ በስሙ እንዲጻፍ የጠየቀው ይህንኑ ቦታ ነው።

ገንዘቡን በሚመለከት ግን ተስፋሽን በልኩ ያዢው። ምግብ ቤቶች የሚከፍሉት በጅምላ ነው፤ በዚያ ምሽት የትኛው ዘፈን እንደተዘፈነ ካልተመዘገበና ሪፖርት ካልተደረገ ድርሻሽ ሳይቆጠር ያልፋል። የተቆጠረው ላይም ከአሜሪካ ለውጭ ነዋሪ የሚላክ ሮያሊቲ፣ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ 30 በመቶ ግብር ይቀነስበታል። የደመወዝ ክፍሉን ሥራ ልልቀቅ ወይ ብለሽ ላነሣሽው ጥያቄ መልሴ አትልቀቂ ነው። ወደ አዲስ አበባ መዛወሩም ሊቆይ ይችላል፤ ምዝገባው ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በአንድ ጉዞ ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ ነው።

አቀናባሪው የዜማ ድርሻ ይገባኛል ማለቱን፣ ድምፃዊቷም ግጥሙን ገዝቼዋለሁ ማለቷን ጽፈሻል። ቅንብር ዜማ መድረስ አይደለም፤ ዜማውን አብሮሽ ካልደረሰ ድርሻ አይኖረውም። ከድምፃዊቷ ጋር ደግሞ የተከፈለሽ ለመጫወት ፈቃድ እንጂ ለባለቤትነት አለመሆኑን የሚገልጽ ውል በሁለት ምስክር ፊት ተፈራረሙ። በአምባሰል ቅኝት የደረስሽው ዘፈን ያንቺ ነው፤ ቅኝቱ የማንም አይደለም። ከባላገር የሰማሽው ነባር ዜማ ካለበት ግን ግጥሙን ብቻ በስምሽ አስመዝግቢ።

14ቱንም ሥራዎች በስልክሽ ድምፅ ቀድተሽ፣ ግጥሞቹን ከተደረሱበት ቀን ጋር ጽፈሽ፣ የእያንዳንዱን ደራሲ ስም አስፍረሽ አዘጋጂ። ከዚያ ለአክስትሽ ልጅ በዚህ ሳምንት ጻፊለት፤ አመስግኚው፣ ዘፈኑ በስምሽ እንደሚመዘገብ ንገሪው፣ ቅጹን በመሙላት እንዲረዳሽም ጠይቂው። እናትሽ ከተቆጡ፣ ቅዳሜ ጠዋት ደሴ ቢሮዬ ስለምገኝ አብረሻቸው ነዪ፤ የእኔንም ደብተር አሳያቸዋለሁ።