መልስ፦ ስኖው ዋይት ለልጅ ትጎዳለች ወይ?

እህቴ፣ «የ6 ዓመት ልጄ የስኖው ዋይትን ተረት ወዳለች፣ ላስቁማት?» ላልሽው፣ እኔ አልከለክልም። ተረቱ «ቆንጆ ሁሉ ደግ ነው» የሚለው ነገር እኔንም ያናድደኛል። የባሰብኝ ግን ስኖው ዋይትን በተመረዘ አፕል ልትገድላት የሞከረችው ንግሥት፣ የእንጀራ እናቷ ጉዳይ ነው። እዚህ ጅማ የባሌን ልጅ ነው የማሳድገው። አንድ ማታ ቡና ስቆላ መጽሐፉን ይዛ መጣችና «አንቺም የተመረዘ አፕል ትሰጪኛለሽ?» አትለኝም! ቡናው አረረ።

የሚገርምሽ፣ ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾች ተረቱን እ.ኤ.አ. በ1812 ሲያሳትሙት ክፉዋ የገዛ እናቷ ነበረች። በ1819 እትም ነው እንጀራ እናት ያደረጓት። ይህን ለልጅቷ ነገርኳት። ዝም ብላ አሰበችና «ታዲያ ለምን ዋሹ?» አለች። አሁን ሳነብላት «እንጀራ እናቷ» የሚለው ጋ ስደርስ «ንግሥቲቱ» ብዬ አልፋለሁ። ካመለጠኝ እሷው ታርመኛለች።