«ዘ ፋይቭ ዶክተርስ» ደካማ ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ

«ዘ ፋይቭ ዶክተርስ» የታሪክ ክሩ ልል ስለሆነ ደካማ አይደለም ወይ ብለው ለጠየቁኝ፣ መልሴ ደካማ አይደለም ነው። የብሪታንያው የሳይንስ ልቦለድ የቴሌቪዥን ድራማ የ«ዶክተር ሁ» የ20ኛ ዓመት ልዩ ክፍል የሆነው ይህ ዝግጅት የታሪክ ክሩ ልል መሆኑን በትክክል አይተዋል፤ ነገር ግን በዚያ ብቻ ከመዘኑት ይበድሉታል። እ.ኤ.አ. በ1983 የቀረበው ይህ የ90 ደቂቃ ዝግጅት የታሰበው የተለያየ ዘመን ዶክተሮችን ፊት ለፊት ለማገናኘት ነው፤ ዋናውን ገጸ ባሕርይ «ዶክተሩን» በየዘመኑ የተለያዩ ተዋናዮች ተጫውተውታልና። ስለዚህ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ሲገናኙ የየራሳቸው ጠባይ ወጣ ወይስ ለሰላምታ ብቻ ተሰለፉ? ሁለተኛው ዶክተር ፓትሪክ ትራውተን ከብሪጋዲየሩ (ከዶክተሩ የድሮ ወዳጅ ከሆነው የጦር መኮንን) ጋር የሚጓዝባቸውን ትዕይንቶች እንደገና ይመልከቱ። የድሮ ወዳጆች ንትርክና ፍቅር እዚያ ሞልቷል፤ ለእኔ ክፍሉን ያቆመው ይህ ነው።

የአራተኛው ዶክተር የቶም ቤከር ድርሻ ማነሱን በደራሲው አያሳብቡ። ተዋናዩ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ስላልነበረ፣ ሳይጠናቀቅ ከቀረ ሌላ ታሪክ የተረፈ ቀረጻ ነው የገባው። የመጀመሪያው ዶክተር ዊልያም ሃርትነል ደግሞ በ1975 አርፎ ስለነበር ተዋናዩ ሪቻርድ ኸርንዶል ተክቶታል፤ ያውም በክብር።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከመፍረድዎ በፊት የትኛውን ቅጂ እንዳዩ ያረጋግጡ። በ1995 የወጣው ቅጂ እንደገና የተቀናበረ ነው፤ የምስል ቅንብሮቹም ተቀይረዋል። ሁለት ተመልካቾች የተለያየ ቅጂ አይተው ስለ አንድ ትዕይንት ሲከራከሩ ደጋግሜ ታዝቤአለሁ።