ዓሣ ነባሪ ምግቡን የት ያገኛል? ጥያቄና መልስ

ትልልቆቹ የባህር እንስሳት አንድ ቦታ ተሰብስበው ሌላ ቦታ ለምን ጭራሽ አይታዩም ብላችሁ የጠየቃችሁኝ በዝታችኋል። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

ጥያቄ፦ ውሃ ሁሉ ውሃ ነው። ምግቡ ለምን እኩል አልተዳረሰም?

የባህር ምግብ የሚጀምረው በዓይን ከማይታዩ ተንሳፋፊ ፍጥረታት ነው። ፋይቶፕላንክተን ይባላሉ። እንደ መሬት ተክል ብርሃንና ማዳበሪያ ይፈልጋሉ። ችግሩ፣ ብርሃኑ ያለው ከላይ ነው፣ ማዳበሪያው ደግሞ ከታች። የሞተ ነገር ሲሰምጥ ማዳበሪያ የሆኑት ናይትሬትና ፎስፌትም አብረውት ይወርዳሉ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው የሚለመልመው። በፔሩ፣ በካሊፎርኒያና በናሚቢያ ዳርቻ ነፋሱ የላዩን ውሃ ከጠረፉ ይገፋዋል። በምትኩ ቀዝቃዛና ማዳበሪያ የጠገበ ውሃ ከጥልቁ ይወጣል። የሶማሊያ ዳርቻም ከሰኔ እስከ መስከረም እንዲሁ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሞቃቱ፣ መስታወት የመሰለው ባህር ጥሩ አይደለም እንዴ?

ለዓይን ጥሩ ነው፣ ለሆድ ግን አይሆንም። ብዙ ጊዜ የጠራው በውስጡ የሚንሳፈፍ ነገር ስላነሰ ነው። የሞቀ ውሃ ቀላል ስለሆነ ላይ ተኝቶ የታችኛውን አላሳልፍ ይላል። አረንጓዴና ድፍርስ ያለው ነው ግጦሹ።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ያን የሚያህል ሆኖ በጥቃቅን ነገር እንዴት ይጠግባል?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ምግቡ ክሪል ነው፤ ሽሪምፕ የምትመስል ፍጥረት። የአንታርክቲካዋ ትልቅ የምትባለው እንኳ 6 ሳንቲሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ዓሣ ነባሪው ወደ መንጋው ተወርውሮ አፉን ይበረግዳል። ከጉሮሮው ስር ያለው ሽብሽብ ቆዳ ተዘርግቶ እንደ ፊኛ ይነፋል። ከዚያ አፉን ይገጥምና ውሃውን ከላይኛው መንጋጋ በተንጠለጠለ ወንፊት በኩል ገፍቶ ያስወጣል። ክሪሉ ውስጥ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ ያለ አንድ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ በምግብ ወቅት በቀን በአማካይ 16 ቶን ያህል ይበላል ብሎ ገምቷል።

ታዲያ እያንዳንዱ ውርወራ ብዙ ጉልበት ይጨርሳል። ክሪሉ ከተበታተነ ልፋቱ ኪሳራ ነው። ለዚህ ነው ምግብ መኖሩ ብቻ የማይበቃው፤ ጥቅጥቅ ብሎ መሰብሰብ አለበት። በካሊፎርኒያ እንዳለው የሞንቴሬይ ባሕረ ሰላጤ ያሉ ከባህር በታች ገደል ያለባቸው ቦታዎች ክሪሉን ስለሚያከማቹ ዓሣ ነባሪዎቹ ይወዷቸዋል።

ጥያቄ፦ በሳተላይት አረንጓዴውን ቦታ አይተን እንስሶቹን ማግኘት አንችልም?

በከፊል ይሆናል። ፋይቶፕላንክተን በቀናት ይበዛል፤ ክሪሉ እሱን በልቶ እስኪያድግ ግን ወራት ያልፋሉ። ውሃውም ቆሞ አይጠብቅም። ደግሞም ስፐርም የሚባለው ዓሣ ነባሪ ስኩዊድ (አጥንት የሌለው፣ ብዙ ክንድ ያለው የባህር እንስሳ) ፍለጋ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ሳተላይት እዚያ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎች ከዘንድሮው ልምላሜ ይልቅ የብዙ ዓመታቱን አማካይ ተከትለው እንደሚጓዙ አሳይቷል። በየት ወር የት ምግብ እንደነበር ያስታውሳሉ ማለት ነው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ጥያቄ፦ ምግቡ ዋልታ አካባቢ ከሆነ ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ ለምን ወደ ሞቃት ባህር ይመለሳል?

ለመውለድ ነው። እዚያ እምብዛም አይበላም፤ ስቡን እያቃጠለ ይከርማል። የአረብ ባህር ሃምፕባኮች ግን አይሰደዱም፤ የክረምቱ ነፋስ ማዳበሪያውን እዚያው ያወጣላቸዋል።

ጥያቄ፦ ኤልኒኞ፣ ማለትም በየጥቂት ዓመቱ የፓስፊክን ውሃ በምድር ወገብ አካባቢ የሚያሞቀው ክስተት፣ ሲመጣስ?

ነፋሱ ይደክማል፣ ከታች የሚወጣው ውሃም ማዳበሪያ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1982 እና 1983 በፓስፊክ ባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ብዙ ፔንግዊኖችና የባህር አንበሶች በረሃብ ሞቱ።

ጥያቄ፦ ዓሣ ነባሪ መብላት ብቻ ነው ሥራው? ለባህሩ የሚሰጠው የለም?

አለ እንጂ! ፍጉን ይሰጣል። ክሪል የበላ ዓሣ ነባሪ የሚጥለው ፍግ ቀላ ያለ ብርቱካንማ ነው፤ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። በብረት የበለጸገ ነው። የአንታርክቲካ ዙሪያ ውሃ ናይትሬት ሞልቶት ብረት ግን ያንሰዋል፤ ስለዚህ ፍጉ ለፋይቶፕላንክተኑ ሁነኛ ማዳበሪያ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ ንፍቀ ክበብ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ዓሣ ነባሪዎች ታድነው ተገድለዋል። ያ ሁሉ ፍግ አብሯቸው ቀረ።