መብራቱ ይበራል፣ የፊት ጎማ ግን አይጎትትም

ወንድሜ፣ «የፎር ዊል (አራቱም ጎማ እንዲጎትት የሚያደርገው) መብራት ይበራል፣ ጭቃ ውስጥ ግን የኋላው ብቻ ይሽከረከራል፤ ማንሻውም አንዳንዴ አልመለስ ይላል» ላልከው፣ ካምቢዮ ከማስወረድህ በፊት የፊት ጎማዎቹን ሃብ (መሃላቸው ላይ ሆኖ ጎማውን ከውስጡ ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን) እይ። ሃይሉክስህ በእጅ የሚቆለፍ ሃብ ካላት፣ መብራቱ የሚነግርህ ማርሹ መግባቱን ብቻ ነው፤ ሃቡ ይያዝ አይያዝ አያውቅም። አንደኛው ካልያዘ ደግሞ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል በዚያ በኩል ስለሚለቀው ሁለተኛውም አይጎትትም።

ሜዳ ቦታ ላይ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አግድ፣ የፊቱን በክሪክ አንሳና በእጅህ አዙረው። ሃቡ «ፍሪ» (የተለቀቀ) ላይ ሲሆን ቀለል ይላል፤ «ሎክ» (የተቆለፈ) ላይ የውስጡ ዘንግ አብሮት ስለሚዞር ከበድ ይላል። ልዩነት ከሌለው በሽታው እዚያው ነው። ብዙውን ጊዜ የደረቀ ግራሶ ነው፤ ፈትተህ በናፍታ እጠብና ሳሳ አድርገህ ቀባው። የእኔን የፈታው መካኒክ ደግነቱ በዝቶ ግራሶ ጠቅጥቆበት ጭራሽ አልቆለፍ ብሎኝ ነበር።

ሃቦቹ ደህና ከሆኑ «ፍሪ» አድርጋቸው፣ ፎር ዊል አስገብተህ በቀስታ ንዳ፣ ወደ ፊት ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ሰው ከጎን ይይልህ። ካልዞረ ችግሩ ከዘንጉ በፊት፣ ኃይሉን ወደ ፊት የሚልከው ማርሽ በኩል ነው። «ሎክ» ላይ ግን እንዳትሞክረው፤ ጎማዎቹ ራሳቸው ያዞሩትና ያታልልሃል።

የማንሻው ነገር አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብተህ ስለምትነዳ ይመስለኛል። ዘንጎቹ ተወጥረው ነው የሚይዙት፤ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂድ፣ ይለቃል። ለመሆኑ የፊትና የኋላ ጎማህ ቁጥር አንድ ነው? ከተለያየ እሱም ዘንጎቹን ይወጥራል።