የጀልባ ተሳቢ ጣና ዳር በኋላ ማርሽ ስለማስገባት ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ጀልባ የጫነ ባለ አንድ አክስል ተሳቢ በፒክአፕ ጎትተህ ባሕር ዳር ድረስ በሰላም ደርሰህ፣ ወደ ውሃው በኋላ ማርሽ ስታስገባው «እየታጠፈ አስቸገረኝ» ብለሃል። አጭር ተሳቢ ጠባዩ ነው። ከጋንቾው (ተሳቢው ከመኪናው ከሚያያዝበት) እስከ አክስሉ ያለው ርቀት ባጠረ ቁጥር መሪውን ገና ስትነካው ይዞራል፤ ረጅም ተሳቢ የለመደ የከባድ መኪና ሾፌር እንኳ በዚህ ይደናገራል።

1. መሪውን ከታች በኩል በአንድ እጅ ያዝ። እጅህ ወደ ግራ ከሄደ የተሳቢው ኋላ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከሄደ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ነዳጅ አትርገጥ፤ በፍሪሲዮን ብቻ አስኪደው።

2. ሁለቱን ስፖኪዮ እያፈራረቅህ እይ። ተሳቢው በግራው ሰፍቶ መታየት ከጀመረ ወደ ግራ እየወጣ ነው፤ ከታች የያዘውን እጅህን ጥቂት ወደ ቀኝ ውሰድና ወዲያው መልስ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ መሪውን አዙሮ እንደያዘ ይቆያል። ተሳቢው ደግሞ አንዴ መታጠፍ ከጀመረ ማዕዘኑ በራሱ እየጠበበ ይሄዳል። ከልክ ካለፈ በኋላ በኋላ ማርሽ የሚያቃናው መሪ የለም። እልህ ይዞህ ከገፋህ መጎተቻው ብረት ባምፐርህን ይመታል፣ ይጣመማል፣ የኋላ መብራትህንም ይሰብራል። ቁም፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ጎትተህ አቃናውና እንደገና ጀምር። ደጋግመህ ወደ ፊት መውጣት ነውር አይደለም፤ ጎበዞቹም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ተሳቢ ዳር ላይ ሲታይ አምስት ሰው ይከብና «ቀኝ! ግራ! ና፣ ና!» ይላል። አንዱ ቀኝ የሚለው መሪውን ነው፣ ሌላው ተሳቢውን። ሹፌሩ ሲደናገር ደግሞ ይስቁበታል። አንድ ሰው ብቻ ምረጥ፤ «ቀኝ» ሲል የተሳቢውን ኋላ ማለቱ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ያንን ሰው በስፖኪዮ ካላየኸው ቁም። አቀራረብህንም ተሳቢው በግራህ በኩል እንዲታጠፍ አመቻች፤ መሪው በግራ ስለሆነ በመስኮት አንገትህን አውጥተህ ታየዋለህ።

የምትገባበትን ቦታ በእግርህ ሳትረግጠው አትግባ። ጣና መስከረምና ጥቅምት ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ይሸሻል፤ ልዩነቱ ከ1 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ በጥቅምት ውሃ የነበረው ዳር በግንቦት ጥቁር ጭቃ ነው። እግርህ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሰመጠ ጎማህ አይወጣም፤ ጠጠር ያለበት ፈልግ። በጠዋት ግባ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባውን አጣሞ ተሳቢው ላይ ያጋድመዋል።

ከመግባትህ በፊት የመብራቱን ሶኬት ንቀል፣ የኋላውን ማሰሪያ ፍታ፤ የፊቱን ግን ጀልባው እስኪንሳፈፍ አትንካው። የፒክአፑ የኋላ ጎማ ውሃ ሳይነካ ብትቆም ይመረጣል። ከመኪናው ከወረድክ የእጅ ፍሬን ብቻ አይበቃም፤ አንደኛ ማርሽ አስገብተህ ከኋላ ጎማዎቹ በስተኋላ በውሃው በኩል ታኮ (ጎማ ማገጃ ድንጋይ ወይም እንጨት) አድርግ።

ሰው ሁሉ የሚረሳው የተሳቢውን ኩሽኔታ (የጎማውን ማሽከርከሪያ ቤሪንግ) ነው። ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ ጎትተህ መጥተህ ወዲያው አትንከረው፤ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት፣ ኩሽኔታው ውስጡ ያለው ብረት) ግሏል። በእጅህ ስትነካው የማያቃጥል እስኪሆን ጠብቅ። የጋለ ሞዞ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በፓራኦሊዮው (ግራሶው እንዳይወጣ በሚይዘው የጎማ ቀለበት) በኩል ውሃ ይስባል። ግራሶው ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ይነጣል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ በመልሱ መንገድ ላይ ይነክሳል (አልዞር ብሎ ይያዛል)፣ አንዳንዴም ጎማው ከነሞዞው ይወጣል። ቤት ስትደርስ ተሳቢውን በክሪክ አንሳና ጎማውን በእጅህ አሽከርክር። ከተንኳኳ ወይም ካንቋረረ ክፈተው፤ ግራሶው ነጥቶ ካገኘኸው ሙሉ በሙሉ አጥበህ ቀይር፣ ፓራኦሊዮውንም አብረህ ለውጥ።