የእኛ ሰው በክሊኒካል ትራያል እንዲካተት መሥራት ለምትፈልግ ነርስ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ኢትዮጵያ ውስጥ በነርስነት ተመርቄ ነው የመጣሁት፤ አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ደም እቀዳለሁ። አዳዲስ መድኃኒቶች ሲሞከሩ የእኛ ሰው እንዲካተት የሚያደርግ ሥራ መሥራት እፈልጋለሁ። አንድ ሆስፒታል የማኅበረሰብ አገናኝ ይፈልጋል። ላመልክት?»

እህታችን፣ ከአገናኝነቱ ይልቅ ወደ ክሊኒካል ሪሰርች ኮርዲኔተርነት (የመድኃኒት ሙከራን የዕለት ተዕለት ሥራ ወደ ማስተባበር) የሚወስደውን መንገድ ያዢ። አገናኝ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ዞሮ ፈቃደኛ ሰው ያመጣል። ያ ሰው ክሊኒክ ደርሶ ሲመለስ ግን አገናኙ ምክንያቱን አያውቅም፤ ቢያውቅም ሊለውጠው አይችልም። ብዙ ሰው የሚቀረው ደግሞ እዚያ ነው።

ጉዳዩ ኮታ መሙላት አይደለም። በ1996 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ መድኃኒትን በሰውነት ውስጥ የሚለውጥ ኢንዛይም የሚሠራው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ጂን ትርፍ ቅጂ አላቸው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ሰውነቱ ፈጥኖና አብዝቶ ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው፣ ለሌላው የሚስማማው መጠን እሱን ለመተንፈስ ሊያስቸግረው ይችላል። እኛ በሌለንበት ሙከራ የተወሰነ መጠን ይህን አይነግርሽም።

አሁን ወደ ማጣሪያው እንምጣ። ብዙ ፕሮቶኮሎች (የሙከራ መመሪያዎች) ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴሉ በማይክሮሊትር ከ1,500 በታች የሆነን ሰው አይቀበሉም። ዳፊ ነል የሚባለው የደም ዓይነት ያላቸው ብዙ አፍሪካውያን ግን ጤነኞች ሆነው ከዚያ ሊያንስባቸው ይችላል። ኮርዲኔተር ይህን በራሷ ማለፍ አትችልም፤ መስፈርቱን ያላሟላ ሰው ማስገባት የፕሮቶኮል ጥሰት ነው። የምትችለው መዝግቦ ማሳየት ነው። በስክሪኒንግ ሎጉ (ለሙከራው የታዩ ሰዎች መዝገብ) ላይ «አልፈለገም» ብቻ ተጽፎ እንዳይቀር፤ «በላብራቶሪ ውጤት ወደቀ»፣ «አስተርጓሚ አልተገኘም»፣ «በሥራ ሰዓት መምጣት አልቻለም»፣ «ጭራሽ አልተጠየቀም» የሚሉትን ለይተሽ ያዢ። የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል፦ ሐኪሙ «እንግሊዝኛ አይገባቸውም» ብሎ ያለፋቸው ሰዎች በአብዛኛው ሎጉ ላይ እንኳ አይታዩም። ቁጥሩን ይዘሽ ዋናው ተመራማሪ ዘንድ ስትቀርቢ፣ እሱ ስፖንሰሩን (ሙከራውን የሚያስካሂደውን ድርጅት) የፕሮቶኮል ማሻሻያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስፖንሰሩ ተቀብሎት አይአርቢ (የምርምር ሥነ ምግባር ቦርድ) ሲያጸድቀው መስፈርቱ ይለወጣል።

የፈቃድ ቅጽ ላይ አማርኛሽ ትልቅ ሀብት ነው። የአሜሪካ ደንብ አጭር ቅጽ ይፈቅዳል፦ አጭሩ ቅጽ በአማርኛ ይሰጣል፣ ዝርዝሩ በአማርኛ በቃል ይነገራል፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ምስክር ይገኛል። ተሳታፊው አጭሩን ቅጽ፣ ፈቃድ የሚቀበለው ሰው በቃል የሚነገረውን ዝርዝር የጽሑፍ ማጠቃለያ ቅጂ፣ ምስክሩ ሁለቱንም ይፈርማሉ። የምስክሩ ፊርማ ከአንዱ ላይ ሲጎድል ፈቃዱ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ይህ አሠራር ግን ላልታሰበ አጋጣሚ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ አዘውትሮ በሚመጣበት ክሊኒክ ሙሉው ቅጽ ተተርጉሞ ሊጸድቅ ይገባል። ልጅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም በፍጹም አትፍቀጂ።

ሌላው የማያውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ። ፕሮቶኮሉ «ከቁርስ ጋር ይወሰድ» ሲል፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት ክኒኑን ያዘገዩታል፤ ለክሊኒኩም ላይናገሩ ይችላሉ። ጠበል ሲገቡ መድኃኒት የሚያቋርጡም አሉ። ከመመዝገባቸው በፊት ያለ ወቀሳ ጠይቂያቸው፤ ሰዓቱ መቀየር ይችል እንደሆነ ስፖንሰሩን አስጠይቂ።

አካሄዱ ይኸው፦ የአሜሪካው የሱስ ምርምር ተቋም ናይዳ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የጂሲፒ (የመልካም ክሊኒካዊ ሙከራ አሠራር) ኮርስ ውሰጂ፤ ነፃ ነው። ዲግሪሽን የውጭ አገር ትምህርትን በሚመዝነው ደብሊውኢኤስ ወይም በመሰል ድርጅት አስገምግሚ። ከዚያ ኮርዲኔተር ብቻ ሳይሆን ሪሰርች አሲስታንት የሚሉትን ክፍት ቦታዎች ቤተስዳ ካለው የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም ኤንአይኤች እስከ ሃዋርድና ጆንስ ሆፕኪንስ ፈልጊ። ሬዝሜሽ ላይ ደም መቅዳትን ከላይ አስቀምጪው። ናሙና በተባለው ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ ካልገባ ወይም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ካልተቀመጠ የተሳታፊው ልፋት ከንቱ ይቀራል፤ ቀጣሪዎች ይህን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋሉ። የክሊኒካል ምርምር ባለሙያዎች ማኅበር (ኤሲአርፒ) ሰርተፊኬት በመደበኛው 3,000 የሥራ ሰዓት ስለሚጠይቅ አሁን አትጨነቂበት።

ኢንተርቪው ላይ ጥያቄ አለሽ ወይ ሲሉሽ ሁለት ነገር ጠይቂ፦ ስክሪኒንግ ሎጉን ማን ይሞላል? የአማርኛ ቅጻችሁ ሙሉ ነው ወይስ አጭር? ሎጉን ኮርዲኔተሯ ከሞላችና ውጤቱ በቡድን ስብሰባ ላይ ከታየ፣ ደመወዙ ትንሽ ቢያንስም ያንን ቦታ ምረጪ።